ኢንካዎቹ ራሳቸው ናቸው የሠሩት፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። ለእኔም ሦስት ሰው ልኮልኛል። አንዷ የእህቴ ልጅ ናት። «አክስቴ፣ አንቺ መሐንዲስ ነሽ፤ ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። በሁለት መስመር ልመልስላት ሞከርኩ፤ አልበቃኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ይህንን ጻፍኩ።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። በፔሩ፣ በቦሊቪያና በሜክሲኮ የምናያቸው ግዙፍ ጥንታዊ ግንባታዎች የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ሥራ ሊሆኑ አይችሉም። ብረት አልነበራቸውም። ጋሪ አልነበራቸውም። ጽሕፈት አልነበራቸውም። ስለዚህ ከእነሱ በፊት የነበረና የጠፋ «የላቀ ዘር» ሠርቶታል፤ ስፔናውያን ከመምጣታቸው በፊት የደቡብ አሜሪካን የአንዲስ ተራሮች ይገዙ የነበሩት ኢንካዎች ባዶ ቤት አግኝተው ገቡበት እንጂ አልገነቡትም። ጸሐፊው ጥሩ ብዕር አላቸው፤ ቋንቋቸው ይጥማል። ብዙ ሰው የተቀበላቸውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከብረቱ ልጀምር። ጸሐፊው «ያለ ብረት አንደሳይት አይጠረብም» ይላሉ። አንደሳይት ከእሳተ ገሞራ የሚገኝ ጠንካራ ድንጋይ ነው፤ የኢንካዎች ዋና ከተማ በነበረችው ኩስኮ ውስጥ ያሉት ቆንጆዎቹ ግድግዳዎች ከእሱ የተሠሩ ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ከ40 ዓመት በፊት ተጠይቆ ተመልሷል።

ዣን ፒየር ፕሮትዘን በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር መምህር ነበሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኢንካዎች ድንጋይ ያወጡባቸውን ካባዎች በእግራቸው ዞረው አጠኑ። እዚያ ከተጠራቢው ድንጋይ መሀል ሌላ ዓይነት ድንጋይ አገኙ። ድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ ነው፤ አብዛኛው ኳርትዛይት የሚባል ጠንካራ ድንጋይ። በካባው ውስጥ በተፈጥሮ አይገኝም። ሰው ከወንዝ ተሸክሞ ያመጣው ነው። ጫፍ ጫፉ ደግሞ በምት ብዛት ተጎሳቁሏል። መዶሻ ነበር ማለት ነው።

ፕሮትዘን 4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን አንዱን አንስተው አንድ ትንሽ የአንደሳይት ብሎክ መጥረብ ጀመሩ። ብልሃቱ ጉልበት እንዳልሆነ ወዲያው ገባቸው። መዶሻውን በሁለት እጅ ይይዙታል፤ በራሱ ክብደት ይለቁታል። ይወድቃል፤ ነጥሮ ይመለሳል፤ ይቀበሉታል። ሊያርፍ ሲል እጃቸውን ትንሽ ጠመም ያደርጋሉ፤ ያኔ ድንጋዩን ቦጨቅ አድርጎ ይነሳል። ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ትልቁን አስቀምጠው ትንሽ መዶሻ ያነሳሉ፤ አለዚያ ጠርዙ ይሸረፋል። ሦስት ገጽና አምስት ጠርዝ የጨረሱት በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። እኚህ ሰው የጠራቢ ልጅ አይደሉም። መምህር ናቸው።

አሁን የኩስኮን ግድግዳ ፎቶ ቀረብ አድርጋችሁ ተመልከቱ። የድንጋዩ መሀል ላይ ያሉት የምት ጠባሳዎች ሰፋ ሰፋ ያሉ ናቸው። ወደ መጋጠሚያው ስትጠጉ እየደቀቁ ይሄዳሉ። መሀሉ በትልቅ፣ ጠርዙ በትንሽ መዶሻ ተመትቷል። ፕሮትዘን በገዛ እጃቸው ያገኙት ነገር ግድግዳው ላይ ከ500 ዓመት በላይ ተጽፎ ቆይቷል። ሌዘር እንዲህ ያለ ጠባሳ አይተውም።

«ምላጭ የማይገባበት መጋጠሚያስ?» ይላሉ ጸሐፊው። እሱም ትዕግሥት ነው። የላይኛውን ድንጋይ ታስቀምጣለህ፤ ታነሳለህ። ሁለቱ የተነካኩበት ቦታ ላይ የድንጋዩ ዱቄት ተጨፍልቆ ታገኘዋለህ። እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ ትጠርባለህ፤ እንደገና ታስቀምጣለህ። ፕሮትዘን ይህንንም ሞክረው ሠርቷል። ደግሞ አንዳንዶቹ ግድግዳዎች የተገጣጠሙት ከፊት በኩል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥ ስትገቡ ክፍተቱ በጠጠርና በጭቃ ተሞልቷል። ይህ የግንበኛ ብልሃት ነው። ሰው የሚያየውን ፊት አሳምር፤ ጀርባውን በሙሌት ያዘው። የእኛም ግንበኞች ጥርብ ድንጋይ ሲደረድሩ ይህንኑ ነው የሚያደርጉት።

ወደ ማጓጓዙ ልሂድ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት ነገር አምታተዋል። ከኩስኮ በላይ ባለው በሳክሳይዋማን ምሽግ ከ100 ቶን በላይ የሚገመቱ ድንጋዮች አሉ፤ ልክ ነው። «35 ኪሎ ሜትር ተጎትተው መጡ» የሚለው ግን ስህተት ነው። 35 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ሩሚቆልቃ የሚባለው የአንደሳይት ካባ ነው። ከዚያ የመጡት የከተማዋ ሕንፃዎች ድንጋዮች ናቸው፤ መጠናቸውም ልከኛ ነው። የምሽጉ ግዙፎቹ ድንጋዮች ግን የኖራ ድንጋይ ናቸው፤ እዚያው አካባቢ ካለ አለት የወጡ። ከባዱን ከቅርብ፣ ቀላሉን ከሩቅ አመጡ። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው።

ከሩቅ የመጣ ከባድ ድንጋይ የለም እያልኩ አይደለም። ኦያንታይታምቦ በምትባል ሌላ የኢንካ ከተማ አለ። ካባው ካቺቃታ ይባላል፤ ከወንዝ ማዶ፣ ተራራ ወገብ ላይ ነው። ድንጋዮቹ ከተራራው ወርደው፣ የኡሩባምባን ወንዝ ተሻግረው፣ ከዚያ እንደገና ዳገት ወጥተዋል። የተጎተቱበት ተዳፋት መንገድ ዛሬም ይታያል። መንገዱ ዳር ደግሞ መድረሻቸው ሳይደርሱ የቀሩ ድንጋዮች ተኝተዋል። የአገሩ ሰው «የደከማቸው ድንጋዮች» ይላቸዋል። ከእነሱ በአንዳንዶቹ አንድ ገጽ ላይ የመጎተት ጭረት አለ፤ ገጹ ተልጎ አብረቅርቋል፤ ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። አንድ ድንጋይ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ከሄደ ሆዱ አይፋቅም።

ይህንን ሳነብ አክሱም ትዝ አለኝ። ጎበድራ ተራራ ላይ ሐውልቶቹ የተቆረጡበት ካባ አለ። ሽብልቅ የገባባቸው ቀዳዳዎች በሰልፍ ተደርድረዋል፤ ሳይጨርሱ የተዉትም ድንጋይ እዚያው አለ። ከ500 ቶን በላይ የሚገመተው ትልቁ ሐውልት ከዚያ ነው የመጣው። ስለ አክሱምም ስለ ላሊበላም «የውጭ ሰው ሠራው» የሚል ወሬ ሰምተን የተናደድን ሰዎች ነን። ታዲያ ያንኑ ወሬ ስለ ሌላ ሕዝብ ስንቀባበል ትንሽ ቆም ማለት አለብን ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ጋሪን በተመለከተ አጭር ነው። የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ጎማ ያውቁ ነበር። በቬራክሩዝ አካባቢ በቁፋሮ የተገኙ የሸክላ መጫወቻ እንስሳት እግራቸው ላይ ጎማ አላቸው። ያልነበራቸው ጋሪ የሚጎትት እንስሳ ነው። ፈረስ የለም፤ በሬ የለም፤ አህያ የለም። በአንዲስ ተራሮች ላማ የሚባል የጭነት እንስሳ አለ፤ ላማ ደግሞ ይጭናል እንጂ አይጎትትም። መንገዳቸው ላይ ደረጃ የበዛው ለዚህ ነው። ለሰው እግርና ለላማ የተሠራ መንገድ ነው። ያ መንገድ ከኮሎምቢያ እስከ አርጀንቲናና ቺሊ በስድስት አገሮች ውስጥ 30,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ዩኔስኮ በ2014 መዝግቦታል። የእኛ ነጋዴዎችስ ስንት ዘመን በበቅሎና በአህያ ደጋና ቆላ ሲያገናኙ ኖረዋል? ገደል ላይ ጋሪ ምን ይሠራል?

ቀጥሎ ጸሐፊው የጽሑፋቸው ምሰሶ አድርገው ያቆሙት ነጥብ ይመጣል። «ስፔናውያኑ ሲጠይቋቸው ኢንካዎቹ ራሳቸው ‹እኛ አልሠራነውም› ብለዋል» ይላሉ። ይህ ሁለት ቦታ አንድ ላይ መስፋት ነው።

ፔድሮ ሲዬሳ ደ ሌዮን የሚባል ስፔናዊ በ1550 ገደማ ኩስኮ ገብቶ ነበር። ያየውንና የሰማውን ይጽፍ የነበረ ወታደር ነው። ስለ ሳክሳይዋማን የጻፈው ግልጽ ነው። ንጉሡ 20,000 ሰው ከየአውራጃው በተራ እንዲመጣ አዘዘ። 4,000ው ድንጋይ ያወጣል። 6,000ው በቆዳና በቃጫ ገመድ ይጎትታል። የቀረው መሠረት ይቆፍራል፤ እንጨት ይቆርጣል። ቀለቡ ከመንግሥት ጎተራ ነው። ነገሩ ሁለትና ሦስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ የሚሄድ ተረት አይደለም፤ የሚያወሩት ሰዎች አያቶች ሥራ ነው። ግንባታው የተጀመረው በንጉሥ ፓቻኩቲ ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነውና። ሥራው በፈቃድ ነበር አልልም። የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ሰው ወደደም ጠላም ተራው ሲደርስ ይሄዳል። ግን ሰው ነው የሠራው።

ያው ሲዬሳ ቦሊቪያ ውስጥ ቲቲካካ ሐይቅ አጠገብ ያለችውን ቲዋናኩንም አይቷል። እዚያ «ይህን ኢንካዎች ሠሩት ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰዎቹ ሳቁበት። ከኢንካ በፊት የነበረ ነው አሉት። እውነታቸውን ነው! ቲዋናኩ የራሷ ሕዝብና መንግሥት የነበራት ከተማ ናት፤ በ1000 ዓመተ ምሕረት ገደማ ወድቃለች። ኢንካዎች እዚያ የደረሱት ከ400 ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ሰዎቹ ስለ ቲዋናኩ የተናገሩትን ወስዶ ኩስኮ ላይ መለጠፍ ልክ አይደለም።

ፑማፑንኩ የሚባለው የድንጋይ ግንባታ ያለው እዚያው ቲዋናኩ ነው። ጸሐፊው «በግራናይት ላይ በማሽን የተቆረጠ፣ 15,000 ዓመት የሞላው» ይሉታል። ግራናይት የለበትም። ትልልቆቹ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ናቸው፤ ትልቁ 131 ቶን ገደማ ይገመታል፤ ካባውም 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ጥርት ያለ ቅርጽ ያላቸው ትንንሾቹ አንደሳይት ናቸው። 15,000 የሚለው ቁጥር የመጣው ከአርተር ፖስናንስኪ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቲዋናኩ ያለን ሌላ ሕንፃ አቅጣጫ ከፀሐይ መውጫ ጋር አስልቶ ያወጣው ግምት ነው፤ ያኔ የቅሪትን ዕድሜ የሚያሳይ የካርቦን መለኪያ አልነበረም። በኋላ ከፑማፑንኩ ግንባታ ሥር የተገኘው ቅሪት ሲለካ 6ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ወደቀ። የእኛ ንጉሥ ካሌብ የመን የዘመቱበት ክፍለ ዘመን ነው። ሩቅ ነው፤ ግን የሰው ታሪክ ያለበት ሩቅ ነው።

ፑማፑንኩ ላይ እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነው። ሁለት ድንጋይ ጎን ለጎን ሲቀመጥ በመጋጠሚያው ላይ የላቲን «I» ፊደል የመሰለ ጎድጓዳ ይቀረጻል። እዚያ ውስጥ የቀለጠ ብረታ ብረት ያፈሱበታል። ሲቀዘቅዝ ሁለቱን ድንጋይ እንደ ስቴፕል ይይዛቸዋል። ቤተ ሙከራ ገብቶ ሲመረመር መዳብ፣ አርሰኒክና ኒኬል ያለበት ቅይጥ ሆኖ ተገኘ። ከ3,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እሳት አንድደው፣ እዚያው ግንባታው ላይ የመዳብ ቅይጥ አቅልጠው ያፈሱ ሰዎች! ጸሐፊው ይህንን አንድም ቦታ አላነሱም። ቢያነሱት «ምንም አያውቁም ነበር» የሚለው አረፍተ ነገራቸው ይፈርሳል።

«ጽሕፈት ስለሌላቸው ስሌት የላቸውም» ለሚለው ብዙ አልቆይም። በሜክሲኮና በጓቲማላ የነበሩት ማያዎች ጽሕፈትም ነበራቸው፤ ዜሮም ነበራቸው። ኢንካዎች ኪፑ ነበራቸው፤ ከአንድ ዋና ገመድ ላይ የሚንጠለጠሉ ቋጠሮ ያላቸው ክሮች። ከታች ያለው ቋጠሮ አንድ ቤት፣ ከፍ ያለው አሥር ቤት፣ ከዚያ በላይ መቶ ቤት። ቋጠሮ የሌለበት ቦታ ባዶ ነው። ሌላንድ ሎክ የተባሉ አሜሪካዊ ከመቶ ዓመት በፊት ይህንን ፈትተውታል። 20,000 ሠራተኛ የሚቀልብ መንግሥት ያለ ሒሳብ አንድ ሳምንት አይቆምም።

ከሁሉም ግን ያሳዘነኝ ጸሐፊው ውኃን አለማንሳታቸው ነው። ጽሑፉ ሁሉ ስለ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ያምራል፤ ፎቶ ይነሳል። መሐንዲስ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ውኃው በየት ይሄዳል?» ብሎ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተዳፋት ላይ ያለ አንድ ግቢ ውስጥ የድጋፍ ግንብ ይሠራ ነበር። ከግንቡ ጀርባ የጠጠር ሙሌት ይኑር፤ የውኃ መውጫ ቀዳዳም ይተው ብዬ ጻፍኩ። ወጪ ይጨምራል ተባለና ቀረ። ነሐሴ ውስጥ አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ግንቡ እንዳለ ተኝቷል። ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጠዋት ስደርስ ከስብርባሪው መሀል ውኃው ገና ይንዠቀዠቅ ነበር። ግንቡን የጣለው የአፈሩ ክብደት አልነበረም። መውጫ ያጣው ውኃ ነው።

አሁን ማቹ ፒቹን አስቡ። ገደል አፋፍ ላይ ያለች የኢንካዎች ከተማ ናት። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርድባታል፤ አዲስ አበባ የሚወርደው 1,200 ገደማ ነው። ከ500 ዓመት በላይ ቆማለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥገና የሚያደርግላት ሰው ሳይኖር። እንዴት? የውኃ መሐንዲሱ ኬኔት ራይት ከፔሩው አርኪዮሎጂስት አልፍሬዶ ቫሌንሲያ ሴጋራ ጋር ለዓመታት ይህንን አጥንተዋል። የደረሱበት ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኛል። የከተማዋ ግንባታ 60 በመቶ ያህሉ ከመሬት በታች ነው። መሠረት፣ ሙሌት፣ ፍሳሽ ማስወገጃ ነው። ቱሪስቱ ፎቶ የሚያነሳው የቀረውን ነው።

አንዱን እርከን ብትቆርጡት እንዲህ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ከታች ትልልቅ ድንጋይ። ከላዩ ጠጠር። ከዚያ አሸዋማ አፈር። ከላይ ለም አፈር። ዝናቡ ለሙን አፈር ያጠጣል፤ የተረፈው በአሸዋና በጠጠሩ ሰርጎ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ግንቡን አይገፋም። በግድግዳዎቹ ውስጥ ከ100 በላይ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ተቆጥረዋል። እኔ ለምኜ ያጣሁት ቀዳዳ!

የመጠጥ ውኃውም እንደዚያው ነው። ከተራራው ምንጭ 749 ሜትር የሚረዝም ቦይ ወደ ከተማዋ ያመጣዋል። ቁልቁለቱ ውኃው እንዳይዘል፣ እንዳይቆምም ተደርጎ ተለክቷል። ከዚያ በ16 ፏፏቴዎች ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ ሰው እንስራውን የሚደግንበት ቦታ ሳይቀር ተስተካክሏል። የመጀመሪያው ፏፏቴ ያለው ከንጉሡ መኖሪያ ዘንድ ነው። ንጹሑን ውኃ መጀመሪያ ንጉሡ ያገኛል።

ሜክሲኮ ደግሞ ሌላ ችግር፣ ሌላ መፍትሔ ነው። አዝቴኮች ዋና ከተማቸውን ቴኖችቲትላንን ሐይቅ ውስጥ፣ ደሴት ላይ ነው የቆረቆሯት፤ በ1325። ሐይቁ ጨዋማ ውኃ አለው፤ ጎርፍም ያመጣል። ከ1449 ጎርፍ በኋላ የጎረቤቷ ከተማ የቴክስኮኮ ንጉሥ ኔዛዋልኮዮትል 16 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ግድብ በሐይቁ መሀል አሠሩ። ጨዋማው ወዲያ፣ ጣፋጩ ወዲህ ሆነ። በጣፋጩ በኩል በውኃ ላይ የተሠሩ የእርሻ መደቦች ከተማዋን ይመግባሉ። የመጠጥ ውኃ ከቻፑልቴፔክ ምንጭ በሁለት ጎን ለጎን ቦዮች ይመጣል። ለምን ሁለት? አንዱ ሲጸዳ ሌላው እንዲሠራ። ወራሪው የስፔን ጦር መሪ ኮርቴስ ራሱ ለስፔን ንጉሥ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ይህንን ገልጾታል። አንድ ቧንቧ ሲጠገን ሰፈር ሙሉ ሳምንት ውኃ ሲያጣ የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ስፔናውያኑ ከተማዋን በ1521 ሲከቡ የመጀመሪያ ሥራቸው ያንን ቦይ መቁረጥ ነበር። ግድቡም በጦርነቱ ተጎዳ፤ በኋላም እንደ ቀድሞው አልተያዘም። በ1629 ጎርፍ መጣ። አዲሲቷ ሜክሲኮ ሲቲ ለአምስት ዓመት ያህል ውኃ ውስጥ ቆየች።

ጸሐፊው ስለ ሰሜን አሜሪካ የጻፉት አንድ አንቀጽ ነው። «እዚያማ ድንኳን እንጂ ሕንፃ አልነበረም፤ ጉብታዎቹም የጠፋ ነጭ ነገድ ሥራ ናቸው» የሚል። ጉብታዎቹ በሰው እጅ የተከመሩ ትልልቅ የአፈር ኮረብታዎች ናቸው። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ይህ ወሬ የዋህ ወሬ አይደለም፤ ሰው የተፈናቀለበት ወሬ ነው።

በ1830 ፕሬዚዳንት አንድሪው ጃክሰን ነባሮቹን ሕዝቦች ከመሬታቸው ለማስነሳት ሲከራከሩ ለአሜሪካ ምክር ቤት ለኮንግረስ በላኩት መልእክት እነዚህኑ ጉብታዎች ጠቀሱ። የማይታወቅ፣ ኃያል የነበረ ሕዝብ ሐውልት ናቸው፤ ያ ሕዝብ ጠፍቶ ዛሬ ላሉት ነገዶች ቦታ ለቀቀ አሉ። ትርጉሙ ግልጽ ነው። እነሱም የሰው ቦታ ላይ ነው ያሉት፤ ብናስነሳቸው ምን ነውር አለው? በሺዎች የሚቆጠሩ የቼሮኪ ነገድ ሰዎች በዚያ መፈናቀል መንገድ ላይ አለቁ። በ1894 ሳይረስ ቶማስ በአሜሪካው የስሚዝሶኒያን የምርምር ተቋም ሥር ባወጡት ትልቅ ጥናት ጉብታዎቹ የነባሮቹ ሕዝቦች አያቶች ሥራ መሆናቸውን አረጋገጡ። ጉዳዩ ተዘጋ። ለተፈናቀሉት ግን ዘግይቷል።

ከጉብታዎቹ ትልቁ ከአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ ወንዝ ማዶ፣ ካሆኪያ ላይ ነው። 30 ሜትር ከፍታ አለው፤ መሠረቱ ከ5 ሄክታር በላይ ይሸፍናል። አፈሩ በቅርጫት በሰው ጀርባ ነው የመጣው። ዝም ብሎ የተከመረም አይደለም። የሸክላ አፈርና አሸዋማ አፈር እየተፈራረቀ ተደልድሏል፤ እርጥበቱን ለመቆጣጠር። አፈር ብቻውን 30 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ወደ 1,000 ዓመት ማቆም ቀላል ከመሰላችሁ ማንኛውንም የመንገድ ሥራ ባለሙያ ጠይቁ።

የፊኒክስ ከተማም አለች፤ አሪዞና በረሃ ውስጥ። በ1860ዎቹ የመጡት ሰፋሪዎች መሬቱ ላይ የተደፈነ ቦይ አገኙ፤ ጠርገው ውኃ ለቀቁበት፤ ሠራ። ሆሆካም የሚባሉት ሕዝቦች የቆፈሩት ነበር። ከአመድ በምትነሳው ወፍ ስም የተጠራችውም ከድሮ ከተማ ፍራሽ ላይ ስለተነሳች ነው።

«ይህን ያህል ካወቁ በጥቂት መቶ ስፔናውያን ለምን ተሸነፉ?» የሚለውን ብዙ ሰው ሲደግመው ሰምቻለሁ። ጦርነት መሸነፍና ግንብ መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስፔናዊው ወራሪ ፍራንሲስኮ ፒዛሮ 168 ሰው ይዞ በ1532 ካሃማርካ ሲደርስ ኢንካዎች ገና ከወንድማማቾች የእርስ በርስ ጦርነት መውጣታቸው ነበር። ኮርቴስ አጠገብ የአዝቴኮች ጠላት የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የትላስካላ ተዋጊዎች ተሰልፈው ነበር። ከሁሉም በላይ ፈንጣጣ። ሰውነታቸው የማያውቀው በሽታ ከወታደሩ ቀድሞ ይገባ ነበር።

ደግሞ ሁልጊዜ አልተሸነፉም። በ1537 መጀመሪያ የፒዛሮ ወንድም ኸርናንዶ ፈረሰኞቹን ይዞ ኦያንታይታምቦ ላይ የኢንካዎቹን ንጉሥ ማንኮ ኢንካን ሊይዝ መጣ። የማንኮ ሰዎች በቦዮቻቸው ወንዙን አዙረው ሜዳው ላይ ለቀቁት። ሜዳው ረግረግ ሆነ። ፈረሶቹ ጭቃው ውስጥ ገብተው መሮጥ አቃታቸው። ስፔናውያኑ በሌሊት ሸሽተው ተመለሱ።

የመጨረሻው ነጥብ ይቀረኛል። ጸሐፊው «ዛሬ ያሉት ዘሮቻቸው ከዚያ ጥበብ አንዱንም አያውቁም፤ ይህ ራሱ ማስረጃ ነው» ብለው ይዘጋሉ።

ከኩስኮ በስተደቡብ፣ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ አፑሪማክ ወንዝ በጠባብ ገደል ያልፋል። እዚያ ላይ ኬስዋቻካ የሚባል ድልድይ አለ። 28 ሜትር ያህል ይረዝማል። የተሠራው ከሣር ነው። ገመዱ ሁሉ ከሣር።

አራት መንደሮች በየዓመቱ ሰኔ ላይ እንደ አዲስ ይሠሩታል። ሴቶች ሣሩን በውኃ ነክረው፣ በድንጋይ ቀጥቅጠው፣ በመዳፋቸው እያሹ ቀጭን ገመድ ያጠነጥናሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ድርሻውን ያመጣል። እኛ ደቦ የምንለው ዓይነት ነው። ቀጫጭኑ ገመድ መንገድ ላይ ተዘርግቶ ይገመዳል፤ ወፍራሙም እንደ ጸጉር ሦስት እየሆነ ይጎነጎናል። የሰው ጭን የሚያክል ገመድ እስኪሆን። አራቱ ለወለል፣ ሁለቱ ለእጅ መያዣ። በግራና በቀኝ ገደሉ ላይ ወንዶች ተሰልፈው ይጎትቱታል፤ ገመዱ እስኪወጠር ድረስ። አሮጌው ድልድይ ተቆርጦ ወንዙ ውስጥ ይወድቃል፤ ሣር ነውና በስብሶ ይሄዳል። ከዚያ የድልድዩ ባለሙያዎች በተወጠረው ገመድ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ወደ ገደሉ ዘርግተው፣ ጎንና ጎኑን እየሸመኑ ከሁለቱም አፍ ወደ መሀል ይመጣሉ። ሦስት ቀን ይፈጃል። በአራተኛው ቀን ይበላል፣ ይጨፈራል። ዩኔስኮ በ2013 መዝግቦታል።

በ2020 ወረርሽኙ መጣና አልተሠራም። በ2021 መጋቢት ላይ ድልድዩ ተበጥሶ ወደቀ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አራቱ መንደሮች ገመዳቸውን ይዘው ገደሉ አፋፍ ላይ ተገናኙና እንደገና ሠሩት።